የለቅሶ ቤቷ ክኒን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ድንኳኑ ተተክሎ፣ እድርተኛው አግዳሚውን ደርድሮ፣ ጓዳ ውስጥ ሽሮው ሲንተከተክ፣ ከዘመድ አንዷ ወደ ሐዘንተኛዋ ጠጋ ትልና ከመቀነቷ አንድ ፍሬ ክኒን ፈታ «እትዬ፣ ይቺን ዋጥ ያድርጓት፤ ትንሽ ታሳርፍዎታለች» ትላለች። ክኒኗ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 5 ሚሊግራም ዳያዜፓም ናት፤ ብዙ ሰው ቫልየም ብሎ ያውቃታል። ዘመዲቱ ክፉ አላሰበችም። እኛ በጎንደር በአእምሮ ጤና ላይ የምንሠራ ነርሶች ግን ይህ ልማድ እንዲቀር እንለምናለን። ለቅሶ ቤት ብቻ ሳይሆን ጎረቤት ለጎረቤት፣ እናት ለልጇ የሚዋዋሱት የእንቅልፍ ክኒን ሁሉ ይቅር።

ሐዘን በሽታ አይደለም። ሟች በተቀበረ ሰሞን እንቅልፍ ማጣት፣ እህል አልወርድ ማለት፣ የሟች ድምፅ የተሰማ መምሰል የሚጠበቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ዳያዜፓምና ዘመዶቹ፣ ማለትም ቤንዞዲያዜፒን የሚባሉት መድኃኒቶች፣ ሌላ የአእምሮ ሕመም ለሌለበት ሐዘንተኛ እንዳይሰጡ መክሯል። ከባድ አደጋ ወይም ጥቃት የደረሰበት ሰውም በመጀመሪያው አንድ ወር ለድንጋጤውም ሆነ ለእንቅልፍ ማጣቱ እንዳይሰጠው ይላል። ባለፉት ዓመታት ጦርነት ላየው አካባቢያችን ይህ ሁለተኛው ምክር ቀላል ነገር አይደለም። ተኩስ በተሰማ ሌሊት መባነን አእምሮ የተፈጠረበትን ሥራ መሥራቱ ነው። ለሐዘንተኛዋ የሚበጃት አብሯት የሚያድር ሰው፣ ትኩስ አጥሚት፣ ሳይቆጣ ልቅሶዋን የሚሰማ ጆሮ ነው፤ ይህን ደግሞ ለቅሶ ቤታችን ድሮም ያውቅበታል።

ዳያዜፓም መጥፎ መድኃኒት ነው አላልንም። የሚጥል በሽታ አልቆም ሲል ሕይወት ያተርፋል፤ ጭንቀቱ ከአቅም በላይ የሆነበትንም ሰው ለጥቂት ቀን ያሳርፋል። ችግሩ ሲቆይ ነው። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ካለፈ አንጎል ይለምደዋል፤ በ5 ሚሊግራም የተኛ ሰው 10 መፈለግ ይጀምራል። ከሰውነትም ቶሎ አይወጣም። የዋጡት መጠን በግማሽ እስኪቀንስ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ከእሱ ተፈጭቶ የሚቀረው ሌላው ንጥረ ነገር ደግሞ በግማሽ እስኪቀንስ እስከ 4 ቀን ይፈጃል። ስለዚህ በየማታው የሚውጥ ሰው የትናንቱ ሳይወጣ የዛሬውን ይጨምርበታል። በዕድሜ የገፉ እናቶችና አባቶች ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል፦ ቀን ማንጎላጀት፣ የተናገሩትን መርሳት፣ ሌሊት ለሽንት ወደ ውጭ ሲወጡ ደረጃ ላይ መውደቅና ዳሌ መሰበር። ቤተሰቡ «እርጅና ነው» ይላል፤ ክኒኗ ሩብ በሩብ ስትቀነስ ግን ብዙዎቹ ይነቃሉ። ነፍሰ ጡር እናት በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ስትወስደው ሕፃኑ ዝሎ፣ ጡት መሳብ አቅቶት፣ ትንፋሹም ደክሞ ሊወለድ ይችላል።

ከአረቄ፣ ከጠጅ ወይም ትራማዶል ከሚባለው የሕመም ማስታገሻ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ትንፋሽ ሊቆም ይችላል። ጫት ቅመው ምርቃናውን ለመስበር አንድም በጨብሲ፣ አንድም በዳያዜፓም፣ ሲብስም በሁለቱም የሚተኙ ወጣቶች ይህን አጥብቀው ሊያውቁ ይገባል። እንዲህ የተኛ ሰው ቢያናግሩት የማይነቃ፣ ትንፋሹ የዘገየ፣ ከንፈሩ የጠቆረ ከሆነ «ይተኛ፣ ያልፍለታል» አይባልም። በጎኑ አስተኝቶ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ከመጀመሩ እኩል የሚያስፈራን አቋራረጡ ነው። ለወራት የወሰደ ሰው «ሱስ ሆኖብሃል» ሲሉት በአንድ ቀን ይጥለዋል፤ ወይም ጠበል ለመጠመቅ ሲሄድ ክኒኑን ቤት ትቶት ይሄዳል። መድኃኒቱ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም አይሰማውም። እሑድ ያቆመ ሰው ሐሙስ ወይም በሳምንቱ ነው ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መባነን፣ ድምፅ መረበሽ የሚጀምረው፤ አንዳንዱንም እንደ ሚጥል በሽታ ይጥለዋል። በቀናት ልዩነት የመጣ ስለሆነ ማንም ከክኒኑ ጋር አያያይዘውም። ጠበል ቦታ ሲሆን መንቀጥቀጡን መንፈስ ነው ብሎ የሚተረጉም አይጠፋም። ጠበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ ማስኬድ ይቻላል፤ የንስሐ አባቶችም ይህን ለልጆቻቸው ቢነግሩልን ውለታቸው ትልቅ ነው።

አቀናነሱ እንዲህ ነው። በየማታው 10 ሚሊግራም፣ ማለትም ሁለት ባለ 5 ክኒን፣ የሚወስድ ሰው አንዱን ክኒን አራት ቦታ ይከፍልና በየ2 ሳምንቱ ሩብ ሩብ ይቀንሳል። የመጀመሪያውን 2 ሳምንት አንድ ክኒን ከሦስት ሩብ፣ ቀጥሎ አንድ ተኩል፣ ቀጥሎ አንድ ከሩብ እያለ በ14 ሳምንት ገደማ ያበቃል። አንዱ ደረጃ ሲከብደው እዚያው ደረጃ ላይ ተጨማሪ 2 ሳምንት ይቆያል እንጂ ወደ ላይ አይመለስም። መጨረሻዋን ሩብ መተው ከሁሉ ትከብዳለች፤ አይቸኮልባትም። የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ነፍሰ ጡር፣ በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ወይም ከዚህ በጣም ከፍ ያለ መጠን የሚወስድ ሰው ግን ይህን ቤቱ አይሞክር፤ ሐኪም ፊት ይሁን።

እንግዲህ ያለ ክኒን እንዴት ይተኛል? በሳምንት 3 ሌሊትና ከዚያ በላይ፣ ለ3 ወርና ከዚያ በላይ እንቅልፍ እምቢ ያለው ሰው ሕክምናው በደብተር ይጀምራል። ለ2 ሳምንት በየጠዋቱ ስንት ሰዓት እንደተጋደመ፣ በግምት መቼ እንደተኛ፣ ስንት ጊዜ እንደነቃ፣ ስንት ሰዓት እንደተነሳ፣ ቡናና መጠጥ መቼ እንደቀመሰ ይጽፋል። ማንበብ የማይችል ካለ ልጁ ይጽፍለት። ሌሊት ግን ሰዓት ወይም ስልክ አይታይም፤ ግምት ይበቃል። ደብተሩ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው አንድ ነገር ነው፦ ሰውየው ከምሽቱ 3 ሰዓት ተጋድሞ ጠዋት 12 ሰዓት ይነሳል፤ 9 ሰዓት አልጋ ላይ ቆይቶ የተኛው 5 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። የቀረው ሦስት ሰዓት ተኩል መገላበጥ ነው፤ አልጋውም የመገላበጫና የሐሳብ ቦታ ሆኖ ይለመዳል።

ስለዚህ አልጋ ላይ የሚቆይበትን ጊዜ በተኛበት ልክ እናጠባለን። መነሻው 12 ሰዓት ላይ ይታሰራል፤ እሑድም ቢሆን፣ ሌሊቱን ጨርሶ ባይተኛም። መተኛው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ሰው ሁሉ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው፤ እንቅልፍ ያጣን ሰው እንዴት አምሽ ይሉታል? ግን የተጠራቀመው ድካም ነው እንቅልፉን የሚጎትተው። በሳምንቱ ውስጥ አልጋ ላይ ከቆየበት ጊዜ 85 በመቶውን ከተኛ መተኛው በ15 ደቂቃ ቀደም ይላል፤ በሚቀጥለው ሳምንትም እንዲሁ። ከ5 ሰዓት በታች ማጥበብ አይፈቀድም። የመጀመሪያው ሳምንት ቀን ቀን ስለሚያንጎላጅ ባጃጅ ወይም መኪና ለሚነዳ፣ የሚጥል በሽታ ወይም ስሜቱ ከልክ በላይ የሚግልና የሚቀዘቅዝ ሕመም ላለበት ሰው ይህ መንገድ አይሆንም።

በግምት 20 ደቂቃ ያህል እንቅልፍ ካልመጣ ከአልጋ መነሳት ነው። «ሌላ ክፍል ይሂዱ» የሚለው ምክር አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ከነልጆቹ ለሚያድር ሰው አይሠራም። እዚያው ጥግ ላይ በርጩማ አስቀምጦ፣ መብራቱን ሳያበራ፣ ጋቢውን ደርቦ ቁጭ ቢል ይበቃል፤ መቁጠሪያ ይዞ ዳዊቱን በቃሉ የሚደግም ሰው ደግሞ ከማናችንም ምክር የተሻለ ነገር ይዟል። ዓይኑ ሲከብደው ይመለሳል። ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው ቀን ቢያሸልብ ችግር የለውም፣ ከ30 ደቂቃ ካላለፈና ከ9 ሰዓት በፊት ከሆነ።

ቡናን ተዉ አንልም፤ ማን ይሰማናል። ግን ካፌን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከቀኑ 11 ሰዓት የተጠጣ አቦል ከምሽቱ 4 ሰዓትም ግማሹ ደም ውስጥ ነው፤ ቶናና በረካ ሲከተሉት ደግሞ ይደራረባል። እንቅልፍ ያጣ ሰው የመጨረሻ ስኒው ከ8 ሰዓት በፊት ይሁን፤ ማታ ከጎረቤት ሲጠራ ለጨዋታው ሄዶ ቆሎውን ይቆርጥም። አረቄም ቶሎ ያስተኛል እንጂ ሌሊቱ ሲጋመስ ይቀሰቅሳል።

ክኒን ከመታሰቡ በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላም አለ። ጠዋት መዋጥ ያለበት ብግነት የሚያበርደው ፕሬድኒሶሎን ማታ ተውጦ፣ ሽንት የሚያበዛው ፊውሮሴሚድ ማታ ተሰጥቶ ሲያመላልስ፣ የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒቱ ዶሉቴግራቪር ማታ ተወስዶ እንቅልፍ ሲነሳ እናያለን፤ ብዙ ጊዜ መፍትሔው ሰዓቱን ወደ ጠዋት ማዞር ብቻ ነው። አንገቷ ላይ እንቅርት ያለባት፣ እየከሳች ልቧ የሚመታ፣ ሙቀት የማትችል ሴት ስለ ጭንቀት ከመታከሟ በፊት የታይሮይድ ምርመራ ይገባታል። ጎህ ሳይቀድ ነቅቶ «ምን አለኝና እነሳለሁ» የሚል ሰው ደግሞ ሕመሙ ድብርት ሊሆን ይችላል፤ ስለ መሞት አስቦ እንደሆነ በግልጽ መጠየቅ አለበት። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። ዱካክ ተጫነኝ የሚልም አለ፦ አእምሮው ነቅቶ አካሉ ገና በሕልም ጊዜው ዝለት ውስጥ ሲቆይ የሚመጣ፣ በደቂቃዎች የሚያልፍ ነው። እንቅልፍ ሲጎድልና በጀርባ ሲተኙ ይበዛል፤ መድኃኒት አያሻውም።

ወራት የዘለቀ ጭንቀት የሚታከመው በምክርና በሌላ ዓይነት መድኃኒት ነው። ልቤን ይመታኛል፣ ሆዴን ይረብሸኛል፣ አየር ያጥረኛል እያለ ከክሊኒክ ክሊኒክ የጨጓራ መድኃኒት ሲለቅም የኖረ ሰው ብዙ ጊዜ ሕመሙ ይኸው ነው። ሰርትራሊን ለምሳሌ በ25 ሚሊግራም ተጀምሮ ከሳምንት በኋላ 50 ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ማቅለሽለሽና ይባስ መጨነቅ ሊኖር ይችላል፤ ይህን ቀድሞ ያልተነገረው ሰው በ4ኛው ቀን ይጥለዋል። ጥቅሙ የሚታየው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ነው፤ ከተሻለውም በኋላ ቢያንስ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ይቀጥላል። ከ25 ዓመት በታች ያሉ ወጣቶችን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቅርብ መከታተል ያስፈልጋል፤ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊነሳ ይችላልና። በቀን አንዴ ስለሚወሰድ ጾምን አያስፈታም፤ 9 ሰዓት ከቅዳሴ ሲወጡ ወይም በኢፍጣር ሰዓት መዋጥ ይቻላል። አሚትሪፕቲሊን ግን ለእንቅልፍ ተብሎ በ25 ሚሊግራም ሲሰጥ ቀላል ይመስላል፤ ብዛት ያለው ሲዋጥ ልብ የሚያቆም ስለሆነ ሕፃንና ተስፋ የቆረጠ ሰው ካለበት ቤት ተቆልፎ ይቀመጥ።

ድንገት ሽብር ለያዘው ሰው አጠገቡ ቁጭ ይበሉ። አጭር አጭር ይናገሩ። በልብዎ እስከ 4 እየቆጠሩ በአፍንጫ ያስገቡ፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ያስወጡ፤ አብረውት ይተንፍሱ። ጣቱና ከንፈሩ የሚደነዝዘው በፍጥነት ሲተነፍስ የተቃጠለው አየር ከደሙ ከልክ በላይ ስለወጣ ነው፤ ሲረጋጋ ይመለሳል። ፌስታል አፉ ላይ አይደፋም። በ10 ደቂቃ ገደማ ጣሪያ ደርሶ ይወርዳል። ዕድሜው የገፋ፣ ደረቱን ጨምቆ ወደ ግራ ክንዱ የሚወጋው፣ ቀዝቃዛ ላብ የሚያልበው ሰው ግን ልቡ ካልተመረመረ ሽብር ነው አይባልም።

ለሙያ ባልደረቦቻችን ሦስት ነገር እንላለን። ጎንደር ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጤና መኮንንና የኅብረተሰብ ነርስ ያሠለጠነች ከተማ ናት፤ ይህን ለማስተካከል ሰው አናጣም። አንደኛ፣ ዳያዜፓም በደም ሥር ሲሰጥ በደቂቃ ከ5 ሚሊግራም አይፍጠን፤ ባለ 10ሩ አምፑል ቢያንስ 2 ደቂቃ ይውሰድ፣ ከሌላ መድኃኒት ጋር በአንድ ሲሪንጅ አይቀላቀል፣ በእጅ እየተጨመቀ ትንፋሽ የሚሰጠው አምቡ ባግ ከአልጋው ራስጌ ይኑር። በጡንቻ ሲወጋ መጠጡ ወጥ ስላልሆነ አይመረጥም።

ሁለተኛው የሰዓት ጉዳይ ነው። ከፈረንጅ ሰዓት አይቶ ፖስታው ላይ «9 ሰዓት» ብሎ የሚጽፍ አለ፤ ገበሬው ደግሞ በእኛ ሰዓት አንብቦ ከቀኑ 9 ሰዓት ማሳው መሐል ይውጠዋል። «ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ ከእራት በኋላ» ተብሎ ይጻፍ፤ ጨረቃም ይሳልበት።

ሦስተኛ፣ ዳያዜፓም በ1971ዱ ዓለም አቀፍ የሳይኮትሮፒክ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ያለ መድኃኒት ነው። ያለ ማዘዣ አይሸጥ። ሲታዘዝም 30 ፍሬ በአንዴ ሳይሆን 7 ወይም 10 ፍሬ ይታደል፤ ፖስታው ላይም የሚጀመርበት ቀን ብቻ ሳይሆን የሚያበቃበት ቀን ይጻፍበት።

ከአክብሮት ጋር፣
በአእምሮ ጤና የምንሠራ ነርሶች
ጎንደር