አባባ፣ ሌሊቱን ይንገሩኝ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤
ባሕር ዳር።

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን ተሻለዎት ወይ? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ እህቴ ቀስ ብላ ታንብብልዎት።

ባለፈው ቅዳሜ ከሌሊት ሥራ እንደወጣሁ ሳልተኛ እዚህ ኒውዮርክ ወዳለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሄድኩ። አንድ ሥዕል ፊት ቆሜ ቀረሁ። ፓብሎ ፒካሶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በነሐሴ 1939፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊፈነዳ ጥቂት ጊዜ ሲቀረው፣ በደቡብ ፈረንሳይ ባሕር ዳርቻ የሣለው «የሌሊት ዓሣ ማስገር በአንቲብ» የተባለው ነው። ርዝመቱ 3 ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ የቤታችን ግድግዳ አይችለውም።

የዚያን ጊዜ የአንቲብ አስጋሪዎች ጀልባቸው ላይ ብርቱ መብራት ያበሩ ነበር፤ ዓሣው ብርሃኑን ብሎ ሲመጣ በጦር ይወጉት ነበር። በሥዕሉ ላይ ካሉት ሁለት አስጋሪዎች አንዱ አጎንብሶ ውኃውን ያያል፤ ሌላው ባለ ብዙ ጥርስ ጦሩን ወደ ታች ሰድዷል። ፊታቸውም ክንዳቸውም ተጣሞ ነው የተሣለው። ከጎኔ የነበሩ ሰዎች ይህ እንዴት ሰው ይባላል ይሉ ነበር። እኔ ግን እርስዎ ከእምቦጭ ጋር የተጠላለፈ መረብ ሲጎትቱ ትከሻዎና አንገትዎ የት እንደሚደርስ አስታወስኩና እውነቱን ነው አልኩ።

በሥዕሉ ዳር፣ በድንጋይ መቆሚያው ላይ፣ ሁለት ሴቶች ቆመው ያያሉ። አንዷ ብስክሌት ይዛ አይስክሬም ትልሳለች። አስጋሪዎቹ ቀና ብለው አያዩዋቸውም። አባባ፣ እዚህ ላይ ሆዴ ባባ። እኔም ዳር ቆሜ ነው ያደግሁት። የማውቀው የእርስዎን ጠዋት ብቻ ነው፦ ውኃ የጠጣው የደንገል ታንኳ እንዲደርቅ ሲያቆሙት፣ ቆሮሶውን ከአምባዛው ሲለዩ፣ ክንድዎ ላይ ተለጥፎ የደረቀው ቅርፊት በፀሐይ ሲያብለጨልጭ። ያንን ቅርፊት በጥፍሬ እየፈለፈልኩ እጫወትበት ነበር። እንዴት አደሩ ከማለት በቀር ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈ አንድ ቀን ጠይቄዎት አላውቅም። የሌሊት ሥራ ምን እንደሆነ አሁን በራሴ አየሁት።

ፒካሶ የማያውቃቸውን አስጋሪዎች ይህን ያህል ትኩር ብሎ ማየቱ በጣም ነካኝ።

የላክሁት ገንዘብ ለመረቡ ነው፤ ለሌላ እንዳያውሉት። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እደውላለሁ። መረቡን ጥለው እስኪያነሡት ድረስ ጣና ላይ ምን እንደሚያደርጉ ይንገሩኝ። ያንቀላፋሉ? ይጸልያሉ? ማዕበል ሲነሣ ወደ የትኛው ዳር ይቀዝፋሉ? ስልኩ ውድ ነው ብለው አያሳጥሩብኝ።

እናቴን ጉልበቷን ሳሙልኝ።

የሚናፍቅዎት ልጅዎ