የድኩላችንን ሞት ለመረመራችሁልን ሁሉ

አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ ግቢ የዱር እንስሳት እንከባከባለሁ። ሰሞኑን ሴቷ ድኩላችን መኖ ትታ፣ ሆዷ ተነፍቶ፣ ለሃጯ ሲዝረበረብ ሰንብታ ሞተች። መድኃኒት ሳጠጣት ጥርሷ ጣቴን ጭሮኝ ነበርና፣ ሐኪም ጋ ሄጄ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጀመርኩ። ግቢው ውስጥ ደግሞ «መርዝ ነው» ተባለና የሁሉም ዓይን የሌሊት ጥበቃችን ጋሼ ላይ አረፈ።

የእንስሳት ሐኪሞቻችን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ገና በስልክ «ፍሪዘር ውስጥ እንዳትከቷት፣ ሥጋው ለማይክሮስኮፕ አይሆንም፤ በረዶ ክበቧት» አላችሁን። የሚያመሰኳ እንስሳ ሆዱ ከሞተም በኋላ ስለሚብላላ ቶሎ ይበሰብሳል አሉ። ቢላ ሳታነሱ በፊት ከጆሮዋ ጠብታ ደም ወስዳችሁ አባ ሰንጋ አለመሆኑን አያችሁ፤ ከሆነ በድኑን መክፈት በሽታውን መዝራት ነው።

ከዚያ ጨጓራዋ ተከፈተ። ፌስታል፣ የማዳበሪያ ክር፣ የብስኩት ወረቀት፣ እርስ በርሱ ተጠምጥሞ የሰፈር ልጆች የጨርቅ ኳስ የሚያክል ጠጣር ነገር ወጣ። ዶክተር ኳሱን በጓንት እጃቸው አንስተው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ይሄ በአንድ ሌሊት የሚሆን አይደለም፤ ወራት ፈጅቷል» አሉ። ጋሼ ያኔ ነው ቀና ያሉት።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው በጨረሰ። እናንተ ግን ፌስታል የዋጠ እንስሳ በሌላም በሽታ ሊሞት ይችላል ብላችሁ ከሳንባ፣ ከልብ፣ ከጉበት፣ ከኩላሊት ስስ ቁራጭ እየወሰዳችሁ ሥጋው እንዳይበሰብስ የሚያደርገው ፎርማሊን ውስጥ ከተታችሁ። አንጎሏም ለእብድ ውሻ በሽታ ምርመራ ተላከ። ቫይረሱ ካለ በልዩ ማይክሮስኮፕ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል አላችሁኝ፤ ያን አረንጓዴ በሕልሜም አየሁት።

ስጠብቅ የነገራችሁኝን አልረሳም። እ.ኤ.አ. በ1999 ኒው ዮርክ ውስጥ ሰዎች ሲታመሙ በሽታው ሌላ ነው ተብሎ ነበር። የብሮንክስ መካነ እንስሳት ፓቶሎጂስት (የሞት መንስኤ መርማሪ ሐኪም) ትሬሲ ማክናማራ ግን የሞቱትን ቁራዎችና ፍላሚንጎዎች መርምራ «ይሄ አይገጥምም» ብላ ድርቅ አለች። በመጨረሻ ዌስት ናይል ቫይረስ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለ ግትርነት ደስ ይላል።

የአንጎሉ ውጤት «የለም» ብሎ መጣ፤ ሐኪሜም ክትባቱን አቋረጠልኝ። ጉበቷና ኩላሊቷም የመርዝ ምልክት አላሳዩም። ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። የተፈላላችሁን ቡና ሳትጠጡ ስለሄዳችሁ ግን ቅር ብሎናል።

ጋሼም «ምስጋናዬን ጨምሪልኝ» ብለውኛል፤ እሳቸው ፌስቡክ የላቸውም።