ደብዳቤ ለልጄ፦ የታመመን ሕዋስ ለምታጠኚው

ውድ ልጄ፣

በሚቶኮንድሪያ (ምግብን አቃጥሎ ለሕዋሱ ኃይል በሚያመነጨው ክፍል) በሽታ በተጎዱ ሕዋሳት ውስጥ የሚደርሰውን የሜታቦሊዝም (ምግብን የመፍጨትና የመገንባት ኬሚካዊ ሥራ) ለውጥ ልታጠኚ መወሰንሽን ስሰማ እጅግ ደስ አለኝ። ባዮኬሚስትሪን ለረጅም ዓመታት ያስተማርሁ አባትሽ ነኝና፣ ሥራውን ከመጀመርሽ በፊት አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ፤ ይህን በሽታ የኃይል እጥረት ብቻ አድርገሽ አትዪው።

እ.ኤ.አ. በ1962 ስዊድናዊው ሐኪም ሮልፍ ሉፍትና ባልደረቦቹ የገለጿት ታማሚ የታይሮይድ ዕጢዋ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ያለማቋረጥ ያልባት፣ ብዙ እየበላችም ትከሳ ነበር፤ ሚቶኮንድሪያዋ ምግቡን ከልክ በላይ እያቃጠለ ጉልበቱን በሙቀት መልክ ያባክነው ነበርና። የዚህ በሽታ የምርምር ታሪክ የተጀመረው እንግዲህ ማቃጠል ባቃተው ሳይሆን ማቃጠሉን መግታት በተሳነው ሚቶኮንድሪያ ነው።

ከግሉኮስ ያለ ኦክስጅን 2 ኤቲፒ (ሕዋስ ኃይሉን የሚይዝበት ሞለኪውል) ብቻ ሲገኝ በሚቶኮንድሪያ በኩል 30 ያህል ስለሚገኝ፣ ኤሌክትሮኖችን እያቀባበለ ለኦክስጅን የሚያደርሰው የሚቶኮንድሪያ የመተንፈሻ ሰንሰለት የተበላሸበት ሕዋስ ኃይል ቢቸግረው አይደንቅም። ነገር ግን በ1989 ተመራማሪዎቹ ኪንግና አታርዲ የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤያቸው ጨርሶ የጠፋባቸውን የሰው ሕዋሳት ሲያሳድጉ፣ ግሉኮስ ሞልቶላቸው እንኳ ፓይሩቬት (ግሉኮስ ሲፈርስ የሚገኝ ውህድ) እና ዩሪዲን (የአርኤንኤ አንዱ ግብዓት) ካልተጨመረላቸው ማደግ አልቻሉም። የጎደላቸው ኃይል ብቻ ቢሆን ኖሮ ዩሪዲን ምን ይፈይድላቸው ነበር? ዩሪዲን ከሚሠራባቸው ደረጃዎች አንዱ ኤሌክትሮኖቹን የሚያስረክበው ለዚያው ሰንሰለት ስለሆነ፣ ሰንሰለቱ ሲቆም የዲኤንኤና የአርኤንኤ ግብዓት መሠራቱም አብሮ ይቆማል። ፓይሩቬት ደግሞ ወደ ላክቴት ሲለወጥ የተከማቸውን ኤንኤዲኤች (ኤሌክትሮን የተሸከመ ሞለኪውል) ሸክሙን አራግፎ ወደ ኤንኤዲ ይመልሳል፤ ያለ ኤንኤዲ የግሉኮስ መፍረስ አይቀጥልምና። በ2015 ሁለት የምርምር ቡድኖች እንዳሳዩትም፣ በመባዛት ላይ ያለ ሕዋስ መተንፈስን አጥብቆ የሚፈልግበት ዋና ምክንያት አስፓርቴት (ለፕሮቲንና ለዲኤንኤ ግብዓት የሚሆን አሚኖ አሲድ) ለመሥራት ነው። ይህን ግኝት ሳነብ የተሰማኝን አድናቆት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በመጠን መለኪያ ብቻ አትርኪ። ገበያ ላይ የተከመረ ጤፍ ብዙ ስለገባ ይሁን ገዥ ስላጣ ክምሩን በማየት አይለይም፤ ከፍ ብሎ የተገኘ ላክቴትም እንዲሁ ነው። በካርቦን 13 (ከተለመደው ካርቦን ከበድ ባለው ዓይነት) ምልክት የተደረገበት ግሉኮስና ግሉታሚን (አሚኖ አሲድ) ለሕዋሳቱ ሰጥተሽ ካርቦኑ የት እንደደረሰ ተከታተይው። በ2012 በዚህ ዘዴ የተጠኑ፣ ሚቶኮንድሪያቸው የተበላሸ የካንሰር ሕዋሳት ግሉታሚንን ከተለመደው አቅጣጫ ወደ ኋላ መልሰው ሲትሬት (በሚቶኮንድሪያ ምግብ ሲቃጠል የሚገኝ መሸጋገሪያ ውህድ) ሲሠሩበት ታይተዋል፤ የሲትሬትን መጠን ብቻ የለካ ሰው ይህን መንገድ ሊያይ አይችልም ነበር።

ከሁሉም በላይ የምሰጋው በሕዋሳቱ ምግብ ነው። ብዙ ቤተ ሙከራዎች የሚጠቀሙበት ማሳደጊያ ፈሳሽ 25 ሚሊሞላር (በፈሳሽ ውስጥ ያለ ውህድ መጠን መለኪያ) ግሉኮስ ሲይዝ በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ያለው ግን 5 ያህል ነው፤ በዚህ ላይ ፓይሩቬት ሲታከልበት የታመመው ሕዋስ ጉድለቱን ሸሽጎ እንደ ጤነኛው ያድጋል። ግሉኮሱን በጋላክቶስ (ሌላ የስኳር ዓይነት) ብትተኪው፣ ከእሱ ያለ ሚቶኮንድሪያ በቂ ኃይል ስለማይገኝ ጉድለቱ ይገለጣል፤ ሆኖም ያም ቢሆን የሰው ደም አይደለምና ከሁለቱ በአንዱ ብቻ አትደምድሚ።

የሜላስ (ከሚቶኮንድሪያ በሽታዎች አንዱ) ሕሙማን ሕዋሳት ከደረሱሽም፣ በ3243ኛው ቦታ ላይ ያለው የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ለውጥ ከሕዋስ ሕዋስ፣ ከአካል ክፍል አካል ክፍል መጠኑ ስለሚለያይ፣ በያንዳንዱ ናሙና ውስጥ ስንት በመቶ እንደሆነ ሙከራውን ስትጀምሪም ስትጨርሺም ለኪው። ከቆዳ የተወሰደ ሕዋስ ስለ አንጎል ወይም ስለ ጡንቻ ሁሉንም አይነግርሽም፤ ናሙናውን የሰጡት ቤተሰቦች ግን ከዚያች ቁራጭ ቆዳ ብዙ ተስፋ ስለሚያደርጉ፣ ውጤቱ ከሚለው አልፈሽ ምንም እንዳትጽፊ አደራ እልሻለሁ።

እናትሽ ሰላም ብላሻለች። ፈሳሹን በምን እንዳዘጋጀሽውና ፓይሩቬቱን አውጥተሽው እንደሆነ በሚቀጥለው ደብዳቤሽ ጻፊልኝ።

አባትሽ