አፉን እስኪፈታ አትጠብቂ

ለልጄ ለሀያት፣

እንደምን ከረማችሁ? ባልሽስ? አባትሽ ሰላም ብሏችኋል፤ የጉልበቱ ነገር እንደምታውቂው ነው።

አክስትሽ ትናንት ደውላ የነገረችኝ እንቅልፍ ነሳኝ። ነጂብ የ9 ወሩን የኩፍኝ ክትባት ሳይወስድ 11 ወር ሊሞላው ነው። «መጀመሪያ አፉን ይፍታ፣ ከዚያ አስከትበዋለሁ፤ የሰዓዳ ልጅ እንደሆነው እንዳይሆንብኝ» ብለሻል አሉ። መፍራትሽ አልገረመኝም። ኦቲዝም ያለበትን የሰዓዳን ልጅ በዓይንሽ እያየሽ ነው ያረገዝሽው፤ በዚያ ላይ በየቀኑ በስልክሽ የሚላክልሽ ቪዲዮ አለ። ግን ልጄ፣ አፉን እስኪፈታ አትጠብቂ።

ክትባት ኦቲዝም ያመጣል የሚለው ወሬ ከየት እንደተነሣ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1998 አንድሩ ዌክፊልድ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አንድ ጽሑፍ አወጣ። የታዩት ልጆች በጠቅላላው 12 ናቸው። ኩፍኝን፣ ጆሮ ደግፍንና ሩቤላን በአንድ መርፌ የሚከላከለውን ክትባት ከአንጀት ሕመምና ከኦቲዝም ጋር አያያዘው። ብራያን ዲር የሚባል ጋዜጠኛ ነገሩን ሲከታተለው፣ ሐኪሙ ክትባት አምራቾችን ሊከስስ ከሚዘጋጅ ጠበቃ ገንዘብ ሲቀበል እንደነበር ታወቀ፤ የልጆቹ የሕመም ታሪክም ከሆስፒታል መዝገባቸው ጋር አልገጥም አለ። መጽሔቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ጽሑፉን ሰረዘ፤ ሰውየውም በዚያው ዓመት የሐኪምነት ፈቃዱን ተነጠቀ። ወሬ ግን ፈቃድ አይጠየቅም፤ ይኸው ባቲ ገባ።

አንድ ነገር ልብ በይ። ይኸው ሰውዬ ያኔ የመከረው ሦስቱን በአንድ ላይ አትስጡ፣ የኩፍኙን ለብቻ ስጡ ብሎ ነበር። በእኛ ጤና ጣቢያዎች ለብዙ ዓመታት ሲሰጥ የኖረው ደግሞ የኩፍኝ ብቻ ክትባት ነው። የሰዓዳ ልጅም የወሰደው እሱኑ ነው። ካርዱን አይቼዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሳይፈተሽ አልቀረም። ዴንማርኮች የሁሉም ሕፃን መዝገብ ስላላቸው 657,461 ልጆችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱን አወጡ። ሦስቱን በአንድ የተከተቡትም ያልተከተቡትም ኦቲዝም የተገኘባቸው በእኩል ነው። ወንድም ወይም እኅቱ ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ለብቻ ለይተው ሲያዩትም ክትባቱ የጨመረበት ነገር የለም። ይህን ለአንቺ ብዬ ነው የጻፍኩት፤ «በዘር ካለብንስ?» እንደምትይ አውቃለሁ። አዎ፣ ኦቲዝም ከዘር ጋር ብዙ የተያያዘ ነው፤ መነሻውም አብዛኛውን ጊዜ ገና በማሕፀን አንጎል ሲሠራ ነው። በ9 ወር የሚሰጥ መርፌ ያንን ወደ ኋላ ሄዶ አይቀይረውም።

«ሜርኩሪ አለበት» ያለችሽ ጎረቤትሽም ተሳስታለች። እሷ የምትለው ቲዮሜርሳል ብዙ ልጅ በሚከተብባቸው አንዳንድ ፈሳሽ ክትባቶች ውስጥ ጀርም እንዳይራባ የሚገባ ነው። የኩፍኙ ክትባት በሕይወት ያለ የተዳከመ ቫይረስ ስለሆነ ያንን ቢጨምሩበት ይሞታል፤ ስለዚህ አይጨመርበትም። ጎጂ ነው የሚባለው በዓሣ ውስጥ የሚገኘው ሜርኩሪ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው፤ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም።

ታዲያ ለምን እናቶች መርፌውን ይጠረጥራሉ? ምልክቱ ጎልቶ የሚታየው ከ12 እስከ 24 ወር ባለው ጊዜ ነው፤ የኩፍኝ መርፌም በ9 እና በ15 ወር ይሰጣል። እናት የምታስታውሰው ያለቀሰበትን ቀን ነው። የሰዓዳ ልጅ ግን ገና ሳይከተብ ስሙ ሲጠራ ዞር አይልም ነበር፤ ቤቱ ሁሉ «ጨዋ ልጅ፣ አያስቸግር» ይለው ነበር እንጂ።

አሁን ስለ ኩፍኝ። አንቺ ያለሽው ባቲ ነው። በሰኞ ገበያ ከአፋርም፣ ከደጋም፣ ከከሚሴም ሰው ይገናኛል። ኩፍኝ የያዘው ሰው ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ በቤቱ አየር ውስጥ እስከ 2 ሰዓት ይቆያል፤ አንድ ሕመምተኛ መከላከያ ከሌላቸው መካከል ከ12 እስከ 18 ሰው ያስይዛል። ከአንቺ የወረሰው መከላከያ በ9 ወሩ አልቋል። አፉን ይፍታ ብለሽ የምትጠብቂያቸው ወራት ሳንባ ምች፣ ተቅማጥና ዓይነ ስውርነት የሚያመጣው ኩፍኝ በጣም የሚከፋባቸው ወራት ናቸው።

አያቶቻችን ኩፍኝ እስኪያልፍ ድረስ ልጆቻቸውን አይቆጥሩም ነበር። በ1977ቱ ረሃብ፣ በኮረምና እዚያው ባቲ በነበሩት መጠለያዎች፣ ሰው ተጨናንቆ በተኛበት ኩፍኝ ሲገባ እህል አግኝተው ማገገም የጀመሩ ሕፃናት ሳይቀሩ አለቁ። ሰውነቱ የመነመነ ልጅ ኩፍኝን አይችልም። ለዚህ ነው በስደተኛ መጠለያ ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ የኩፍኝ ክትባት የሚሆነው። የባቲ ሽማግሌዎች ያውቁታል፤ አማትሽን ጠይቂያቸው። ሲይዝም ቤቱን ማጨለም፣ ቡና አለመቁላት፣ «ኩፍኝ ላይ መርፌ አይወጋም» ብሎ ከሐኪም መከልከል ነበር፤ ልጅን የሚገድለው ይኸው መዘግየት ነው። እሳቸው ይህን ካነሡ አትከራከሪያቸው፤ ዝም ብለሽ ልጁን ይዘሽ ሂጂ።

አፉን እስኪፈታ አትጠብቂ ብያለሁ።

አካሄዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ለጤና ጣቢያው ደውለሽ የኩፍኝ ክትባት የሚሰጥበትን ቀን ጠይቂ። ብልቃጡ አብዛኛውን ጊዜ ለ10 ልጅ ስለሆነ ልጆች ሲሰበሰቡ ነው የሚከፍቱት። ጠዋት ድረሺ፤ ዱቄቱ በራሱ ውሃ ከተበጠበጠ በኋላ 6 ሰዓት ከሞላው ይጣላል፤ ማቆያ መድኃኒት ስለሌለበት ባክቴሪያ ይራባበታል። ሳይከፈት በፊት ክዳኑ ላይ ያለችውን ምልክት አሳዩኝ በይ፤ ክቡ ውስጥ ያለችው አራት ማዕዘን ከክቡ የነጣች መሆን አለባት። ከክቡ ጋር እኩል ከጠቆረች ሙቀት መትቶታል፤ በባቲ ፀሐይ ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። መርፌው ከማሸጊያው ሲወጣ እይ። ልኩ ግማሽ ሚሊ ሊትር ነው፤ በላይኛው ክንዱ ከቆዳ ሥር ይወጋል።

ጉንፋን ወይም ቀለል ያለ ሳል ቢኖረው አትመለሺ። የሚያስቀረው ከዚህ በፊት በክትባት ከባድ አለርጂ ከመታው ወይም የሰውነት መከላከያውን ክፉኛ የሚያዳክም በሽታ ካለበት ነው፤ ያ ደግሞ የለበትም። ከተወጋ በኋላ ግማሽ ሰዓት እዚያው ተቀመጪ። ከባድ አለርጂ ከሚሊዮን አንድ ቢደርስ ነው፤ ቢመጣ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ስለሆነ መድኃኒቱ አጠገብ ሁኚ። ቫይታሚን ኤ ካልወሰደ ጠይቂለት፤ ከዓመት በታች ሰማያዊዋ እንክብል ናት።

ትኩሳቱ በማግስቱ አይደለም የሚመጣው። ከ7ኛው እስከ 12ኛው ቀን ከ100 ልጅ ከ5 እስከ 15 የሚሆኑት ያተኩሳቸዋል፤ አንዳንዱ ትንሽ ሽፍታ ያወጣል። ፓራሲታሞል በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም፣ በቀን ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። አስፕሪን በፍጹም። ከ3000 እስከ 4000 ልጅ አንዱን ትኩሳቱ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል፤ ያስደነግጣል እንጂ አንጎል አይጎዳም። በጎኑ አስተኚው፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቺ፣ ክብሪት አታሽትቺው፣ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ትኩሳት ሁሉ የክትባት ነው ብለሽም አትቀመጪ፤ አገሩ ወባ አለበት፣ ደሙን አስመርምሪው።

ሁለተኛው በ15 ወሩ ነው፤ ይህን አሁን ዘግይቶ ቢወስድም ያኛው አይገፋም። በ9 ወር የሚሰጠው ከ100 ልጅ 85 ያህሉን ነው ከኩፍኝ የሚጠብቀው፤ ሁለተኛው የቀሩትን ነው የሚደርስላቸው።

ኦቲዝሙን መከታተል ከፈለግሽ ደግሞ ከመርፌው ለይተሽ ተከታተዪ፤ እኔም አግዝሻለሁ። ዓመት ሲሞላው ከኋላው ሆነሽ ስሙን ጥሪው፤ ካልዞረ መጀመሪያ ጆሮው ይታይ። በ18 ወሩ የሚፈልገውን በጣቱ ይጠቁማል? አንቺ ወዳሳየሽው ያያል? በ2 ዓመቱ ሁለት ቃል አገናኝቶ ይናገራል? የያዘውን ቃል ከተወ ግን በየትኛውም ዕድሜ አትቆዪ፣ ደሴ አምጪው። ልጅ ቶሎ ሲታወቅለት ይረዳል፤ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ወላጆች እንዲህ ያለ ልጅ ቤት ይደብቁ ነበር። የሰዓዳን ልጅ አትፍሪው፤ ከነጂብ ጋር ይጫወት። ኩፍኝ ቢይዘው ግን እፈራለታለሁ፤ አፉን እስኪፈታ አትጠብቂ።

በአርብ ሚኒባስ ቴርሞሜትርና ሽሮፕ ልኬልሻለሁ። ሽሮፑ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊግራም ነው፤ ልጁ 9 ኪሎ ከሆነ አንድ ጊዜ 5 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል። ሌላ ጠርሙስ ከገዛሽ መጠኑን አንብቢ፣ አንድ ዓይነት አይደሉም። ሲከተብ የካርዱን ፎቶ ላኪልኝ፤ ቀኑ የተጻፈበትን ገጽ።

እናትሽ
ደሴ