ለደንበኞቻችን፦ ኮምፕሬሰር ኮፈን ስር መግጠም ለምን እንዳቆምን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ካለፈው ወር ጀምሮ ጎማ የሚሞላ የአየር ኮምፕሬሰር ኮፈን ስር አንገጥምም ማለታችን ብዙዎቻችሁን አስከፍቷል። ቀጠሮ ይዛችሁ መጥታችሁ ሳይሠራላችሁ የተመለሳችሁም አላችሁ። ቀድመን መናገር ነበረብን፤ ይቅርታ። ውሳኔውን ግን አልቀይረውም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

«ዋጋ ለመጨመር ፈልገው ነው» የሚለው ወሬ ጆሮዬ ደርሷል። ስሰማው አመመኝ። ይህን ሥራ የጀመርኩት በአንድ መሰርሰሪያና በተዋስኩት የመፍቻ ሳጥን ነው። ያኔ ሁሉንም የምገጥመው ኮፈን ስር ነበር። ባትሪው እዚያው ስለሆነ ሽቦው ያጥራል፤ ጩኸቱም ጋቢና አይገባም። ሥራው በግማሽ ቀን ያልቃል።

ከዚያ መኪኖቹ ተመልሰው መምጣት ጀመሩ። አንዱን አልረሳውም። ደንበኛዬ አሸዋ ለማቋረጥ የጎማዎቹን የአየር ግፊት ከ35 ወደ 18 ፒኤስአይ አውርዶ ነበር። አስፋልት ሲደርስ መልሶ ሊሞላ ቆመ። ሁለት ጎማ እንደሞላ ኮምፕሬሰሩ ጸጥ አለ። ከልክ በላይ ሲግል ራሱን የሚያጠፋበት መከላከያ አለው፤ ያቆመው እሱ ነው። ሰውዬው ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሎ እስኪበርድ ጠበቀ። መኪናውን ሲያመጣልኝ ኮፈኑን ከፈትኩ። ከኮምፕሬሰሩ የሚወጣው የፕላስቲክ ቱቦ ጫፉ ለስልሶ እንደ ማስቲካ ተለጥጧል። የገጠምኩት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ።

ኮምፕሬሰር አየር ሲያምቅ ራሱ ይግላል። ብዙዎቹ ደግሞ ያለ እረፍት እንዲሠሩ የተሠሩ አይደሉም። የሥራ ጊዜው 33 በመቶ ነው ተብሎ የተጻፈበት 10 ደቂቃ ሠርቶ 20 ደቂቃ ማረፍ አለበት። ባትሪው እንዳይደክም ሞተር አስነስተን ነው የምንሞላው። ታዲያ የሚነድ ሞተር አጠገብ ተቀምጦ ምን እረፍት አለው? የሚስበውም አየር የጋለ ነው።

ኮፈናቸው ስር ሰፊና ከጭስ ማውጫው የራቀ ቦታ ያላቸው መኪኖች አሉ። ለዚያ ቦታ ተብሎ የተሠራ መያዣም ይሸጣል። እዚያ የሚገጥም ሁሉ ተሳስቷል አልልም። እኔ ግን ዋስትና ልሰጥበት አልችልም። ሻንሲ ስር ይሁንልን ላላችሁም መልሴ ያው ነው፤ እዚያ ድንጋዩም ጭቃውም ውሃውም በቀጥታ ያገኘዋል።

አሁን የምንገጥመው መቀመጫ ስር ወይም ከኋላ በዕቃ መጫኛው ጎን ነው። ቦታው ደረቅና ቀዝቃዛ ነው። ጩኸቱ ይሰማል፣ አልክድም፤ ከስሩ ጎማ ስናደርግለት ይቀንሳል። እባካችሁ ብርድ ልብስ አትከምሩበት።

ዋጋው የጨመረው ሽቦው ላይ ነው። ባትሪው 4 ሜትር ከራቀ መሄጃና መመለሻው 8 ሜትር ይሆናል። 30 አምፔር የሚስብ ኮምፕሬሰር በ6 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት) ሽቦ ቢገጠም 0.7 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል፤ በ16 ካሬ ከ0.3 ቮልት በታች ነው። ቮልት ሲያንሰው ይደክማል፣ ጎማ ለመሙላትም ይዘገያል። ስለዚህ ወፍራሙን እንዘረጋለን። የመዳብ ዋጋ የት እንደደረሰ ሽቦ የገዛ ሁሉ ያውቃል። ቀጭን ሽቦ ዘርግቼ በድሮው ዋጋ ልሠራላችሁ እችል ነበር፤ እናንተም አታዩትም ነበር። ይህን ያህል ዓመት ያመናችሁኝን ሰዎች ግን እንደዚያ አላደርግም።

ከዚህ በፊት ኮፈን ስር የገጠምኩላችሁ መኪናውን አምጡልኝ። ቱቦውን ያለ ክፍያ እቀይራለሁ።

ሌላ ጋ ልታስገጥሙ ከወሰናችሁም አልቀየምም። ብቻ ከኮምፕሬሰሩ የሚወጣው የመጀመሪያ ቱቦ ከላይ የብረት ሽቦ የተጎነጎነበት መሆኑን፣ ፊውዙም ባትሪው አጠገብ መሆኑን አደራ እዩልኝ።

አክባሪያችሁ፣
የጋራዡ ባለቤት