ውሉ የመጣው ከምርጫው በኋላ ነው

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ባለፈው እትማችሁ ስለ እንግሊዝ ምርጫና ስለ ጋዜጦቹ ጉልበት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጥሩ ተጽፏል። ግን ሁለት ቦታ ላይ ቅር አለኝ። አንዱ «እዚያ አገር ጠቅላይ ሚኒስትር የሚሾመው ጋዜጣ ነው» የሚለው ነው። ሁለተኛው ስለ እኛ የተጻፈች አንዲት መስመር ናት። እ.ኤ.አ. በ1935 የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር የላቫል ውል ኢትዮጵያን ቆራርሶ ለሙሶሊኒ ሊሰጥ ሲል፣ የእንግሊዝ ሕዝብ ያንኑ መንግሥት መልሶ መረጠ ትላለች። ብዕር ያስነሳችኝ እሷ ናት።

ለንደን መኖር ከጀመርኩ 20 ዓመት አልፎኛል። ናይጄሪያዊው ጎረቤቴ አገሩ የኮመንዌልዝ አባል ስለሆነች ገና እንደመጣ ድምፅ ሰጠ። እኔ ዜግነቱ እስኪመጣ ዓመታት ጠበቅኩ። ቅኝ አለመገዛትም ዋጋ ያስከፍላል እያልኩ እቀልድበታለሁ። ብቻ ያን ያህል የጠበቅኩት ነገር ስለሆነ መሰለኝ፣ ምርጫ ሲደርስ በበሩ ቀዳዳ የሚወረወረውን በራሪ ወረቀት ሳልጥል አነባለሁ። ጋዜጦቹንም እንደዚያው።

በጋዜጣው ጉልበት ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1992 ዘ ሰን በምርጫው ዕለት የሌበሩን (የሠራተኞች ፓርቲውን) መሪ የኒል ኪኖክን ጭንቅላት አምፖል ውስጥ ከትቶ የፊት ገጹ ላይ አወጣው። ኪኖክ ካሸነፈ ከአገር የሚወጣው የመጨረሻ ሰው እባካችሁ መብራቱን ያጥፋ ይላል። ወግ አጥባቂዎቹ አሸነፉ። ጋዜጣውም ምርጫውን ያሸነፍኩት እኔ ነኝ ብሎ ፎከረ። ከ20 ዓመት በኋላ ግን ባለቤቱ ሩፐርት መርዶክ ራሱ በአጣሪ ጉባኤ ፊት ቀርቦ ያ ርዕስ ስህተት ነበር አለ። በ2024 ደግሞ ይኸው ጋዜጣ ሌበርን ደግፌያለሁ ያለው ድምፅ ሊሰጥ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ሌበር በሰፊው እየመራ መሆኑን የሕዝብ አስተያየት ጥናቶቹ ለወራት ሲናገሩ ከርመዋል። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ይሉታል ይሄንን። ጋዜጣው አንባቢውን ተከተለ እንጂ አልመራውም።

አሁን ወደ እኛው ጉዳይ። ቀኖቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋቸዋለሁ፣ ካልሆነ እንደናገራለን። ምርጫው የተካሄደው ኖቬምበር 14፣ 1935 ነው፤ በእኛ ኅዳር 4፣ 1928 ዓ.ም.። ጣሊያን መረብን ከተሻገረ ገና ስድስት ሳምንቱ ነው።

ያኔ የሕዝብ አስተያየት የሚለካ ድርጅት እንግሊዝ አገር አልነበረም። የጋሉፕ ቅርንጫፍ የተቋቋመው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። የእንግሊዝ ሕዝብ ምን ያስብ እንደነበር ግን እናውቃለን። የመንግሥታት ማኅበርን የሚደግፉ ሰዎች ከ1934 መጨረሻ ጀምሮ አምስት ጥያቄ ያለበት ወረቀት ይዘው ቤት ለቤት ዞሩ። የሰላም ድምፅ አሉት። ወረቀቱን ያዞሩት ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚሆኑ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ውጤቱ ጁን 1935 ሲነገር ከ11 ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰው መልሶ ነበር። አምስተኛው ጥያቄ አንድ አገር ሌላውን ቢወር ሌሎቹ ተባብረው ያስቁሙት ወይ የሚል ነው። በኢኮኖሚ ማዕቀብ ይሁን ያለው ከ10 ሚሊዮን በላይ ነው። ካስፈለገ በጦር ኃይልም ይሁን ያለው ወደ 6 ሚሊዮን 800 ሺህ ነው። በጦሩ ያልተስማማው ከ2 ሚሊዮን በላይ ነበር።

በዚህ ሰዓት ትልልቆቹ ጋዜጦች የት ነበሩ? የሎርድ ሮዘርሚር ዴይሊ ሜይል ከሙሶሊኒ ጋር ነበር። የሎርድ ቢቨርብሩክ ዴይሊ ኤክስፕረስ በሰው ጠብ አንግባ ባይ ነው፤ ድምፅ አሰባሰቡንም የደም ድምፅ ብሎ ሲያጥላላው ከርሟል። ኒውስ ክሮኒክልና የሌበሩ ዴይሊ ሄራልድ በሌላው ወገን ቆመዋል። እንግዲህ ገበያውን ከያዙት ሁለቱ እየጮሁበት ነው ያ ሁሉ ሚሊዮን ሰው በሩን ከፍቶ «ይቁም» ብሎ የፈረመው። ጋዜጣ እንደፈለገ ሕዝብ የሚነዳ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

ፓርቲዎቹ ቁጥሩን አዩ። ሴፕቴምበር 11 ቀን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳሙኤል ሆር ጄኔቫ ሄዶ አገሩ ወረራን ከሌሎች ጋር ሆና እንደምትመክት በሚያስጨበጭብ ቃል ተናገረ። ሌበር ኦክቶበር መጀመሪያ ብራይተን ላይ ተሰብስቦ በጣሊያን ላይ የሚጣለውን ማዕቀብ በከፍተኛ ድምፅ ደገፈ። ጦር የሚባል ነገር የማይወዱት ሽማግሌው መሪው ጆርጅ ላንስበሪ በዚሁ ሥልጣናቸውን ለቀቁና ክሌመንት አትሊ ተተካ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስታንሊ ቦልድዊንም የምርጫ ሰነዳቸው ላይ በጣሊያንና በአቢሲኒያ ጉዳይ አናወላውልም ብለው አስጻፉ። ለመራጩ የቀረበለት ይሄ ነው። በእኛ ጉዳይ መንግሥቱም ተቃዋሚውም የሚናገሩት አንድ ዓይነት ነበር።

የመራጩ ሁሉ ጭንቀት ኢትዮጵያ ነበረች አልልም። ወደ ሁለት ሚሊዮን ሰው ሥራ አጥቶ የተቀመጠበት ዘመን ነው። የቤትና የዳቦ ነገር ይቀድማል። ግን በእኛ ስም የተገባው ቃል ባይኖር ቦልድዊን እንደዚያ ተዝናንተው ከ615 ወንበር 429ኙን ያገኙ ነበር ብዬ አላምንም።

ለመራጩ ያልተነገረው ሌላ ነው። ሆር ያንን ንግግር ሊያደርግ አንድ ቀን ሲቀረው እዚያው ጄኔቫ ከፈረንሳዩ ፒየር ላቫል ጋር ቁጭ ብሎ፣ ወደ ጦርነት የሚያስገባ እርምጃ እንዳይወሰድ ተስማምቷል። ለንደን ላይ የምርጫው ዲስኩር ሲወርድ፣ ፓሪስ ላይ የሁለቱ መንግሥታት ባለሙያዎች ካርታ ዘርግተው የትኛው አውራጃ ለጣሊያን ይሁን እያሉ ይነጋገሩ ነበር። ማዕቀቡ የጀመረው ኖቬምበር 18 ነው፤ ድምፅ ከተሰጠ በአራተኛው ቀን። ነዳጅ የለበትም። የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም።

ዲሴምበር 8 ሆርና ላቫል ፓሪስ ላይ ተስማሙ። ምርጫው ካለፈ 24 ቀኑ ነው። ከትግራይና ከኦጋዴን ተቆርሶ ለጣሊያን ይሰጣል። የደቡቡ ሰፊ አገር ለጣሊያን ሰፋሪና ኩባንያ ይከለላል። ለእኛ አሰብና ወደዚያ የምትወስድ ቀጭን መሬት። በማግስቱ የፓሪስ ጋዜጦች ዝርዝሩን አውጥተው አሰጡት።

አንድ ሰሞን ቅዳሜ ቅዳሜ ብሪቲሽ ላይብረሪ እየሄድኩ የዚያን ወር ጋዜጦች በማይክሮፊልም አይቻለሁ። መዘውሩን ታዞራለህ፣ ገጹ ይሮጣል፣ ዓይንህ ይደክማል። የኮት ማስታወቂያ፣ የገና ስጦታ፣ ከዚያ «አቢሲኒያ»። ዲሴምበር 16 ላይ ስደርስ ቆምኩ። ዘ ታይምስ ነው፣ መንግሥትን ማስቀየም የማይወደው ጋዜጣ። የርዕሰ አንቀጹ ርዕስ «የግመል መተላለፊያ» የሚል ነው። ወደ አሰብ በምትወስደው ቀጭን መሬት ላይ ኢትዮጵያ ባቡር እንዳትዘረጋ ሊከለክሏት ነው የሚል ወሬ ወጥቶ ነበር። ለግመል ብቻ የሚሆን የባሕር በር! ብቻዬን ሳቅኩ፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ዞር ብለው አዩኝ። ቀጥሎ ደግሞ ተናደድኩ። ለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ የነበሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ያን ዕለት ጋዜጣውን ሲገልጡ ስቀው ይሆን?

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጽሑፋችሁ ጭራሽ አላነሳውም። የምክር ቤት አባላቱ ከየመራጮቻቸው በደብዳቤ ተጥለቀለቁ። የጻፉባቸው ሌበሮች ብቻ አይደሉም፣ የራሳቸው ደጋፊዎችም ናቸው። ቦልድዊን ምክር ቤት ቆመው አፌ ገና አልተፈታም ዓይነት ነገር ተናገሩ። ካርቱን ሠሪው ዴቪድ ሎው አፋቸውን በፕላስተር አሽጎ ሳላቸው። የሚሠራው ለኢቭኒንግ ስታንዳርድ ነው፤ ባለቤቱ ያው ቢቨርብሩክ! ሆር ስምምነቱን እንደጨረሰ ስዊዘርላንድ በረዶ ላይ ሊንሸራተት ሄዶ ወድቆ አፍንጫውን ሰብሮ ነበር። አፍንጫው እንደታሸገ ለንደን ገባና ዲሴምበር 18 ሥልጣኑን ለቀቀ። ውሉም ሞተ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ጩኸቱ ኖቬምበር ላይ ቢሆን ሌላ ነገር ይሆን ነበር። ግን ኖቬምበር ላይ የሚያስጮህ ነገር ማን አሳያቸው? እኔ የምለው ይህንን ነው። ጋዜጣ እገሌን ምረጡ ሲል ያን ያህል አይሰማም። ተደብቆ የተያዘ ወረቀት ሲያወጣ ግን ሚኒስትር ይጥላል። የዚያን ጊዜው ጥፋት ወረቀቱ በወሩ ዘግይቶ መውጣቱ ነው። ያወጡትም የፓሪስ ጋዜጦች ናቸው። የለንደኖቹ በምርጫው ሰሞን የመሪዎቹን ንግግር ከዳር እስከ ዳር ሲያትሙ ነው የከረሙት። ይሄ ዛሬም የማየው ነገር ስለሆነ ያናድደኛል። ባለፈው ምርጫ ማን በስንት ነጥብ እንደሚመራ ጠዋት ማታ ሰማሁ። የገቡትን ቃል በምን ገንዘብ እንደሚፈጽሙ ግን ለማግኘት ብዙ ገጽ መግለጥ ነበረብኝ።

ሆር ከሥልጣን ውጪ ብዙም አልቆየም። አዲስ አበባ ሜይ 5፣ 1936 ተያዘች፤ በእኛ ሚያዝያ 27። ንጉሠ ነገሥቱ ጁን 3፣ 1936 በባቡር ዋተርሉ ጣቢያ ሲደርሱ የለንደን ሕዝብ ወጥቶ በእልልታ ተቀበላቸው፤ መንግሥቱ ግን እንደ እንግዳው አልተቀበላቸውም። በዚያው ሰሞን ሆር የባሕር ኃይል ሚኒስትር ሆኖ ወደ ካቢኔው ተመለሰ። ለዚህኛው ሹመት ማንም ድምፅ አልተጠየቀም።

ስለዚህ የእንግሊዝን መንግሥት የፈለጋችሁትን በሉት፣ አልከራከርም። መራጩን ግን ያላየውን ውል አይቶ እንደመረጠ አድርጋችሁ አትጻፉበት። በሚቀጥለው እትማችሁ ማረሚያ ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል። ምርጫው ኖቬምበር 14፣ ውሉ ዲሴምበር 8።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከለንደን