የስፖርት ክበብ ዘገባ፦ ዓመቱ በድራፍት ወሬ አለቀ

የስፖርት ክበባችን ዘንድሮ በአንድ ርዕስ ተጠምዶ ከረመ፤ በቤዝቦል ድራፍት፣ ማለትም ቡድኖች አዳዲስ ወጣት ተጫዋቾችን ተራ በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት። እግር ኳስ ወዳዶቹ ቅር እንዳይላቸው አስቀድሜ ልናገር። አርሰናልም ሲቲም በየሳምንቱ ተነስተዋል፤ የማራቶኑ ወሬም አልቀረም። ልጆቹ ወንበር ስበው የሚጠጉት ግን ድራፍት ሲነሳ ነበር።

ክበቡን ለማያውቁ ወላጆች፦ የምንሰበሰበው ቅዳሜ ከአማርኛ ክፍል በኋላ ነው። ከ6ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ይመጣሉ። ክርክሩ በአማርኛ ይሁን የሚል ደንብ አለን። እንግሊዝኛ ያመለጠው ልጅ በሚቀጥለው ቅዳሜ ቆሎ ያመጣል። ዘንድሮ ቆሎ ጠፍቶብን አያውቅም።

ነገሩ የተጀመረው በዲሴምበር 2024 ነው። ያ ሳምንት ለቤዝቦል ቡድናችን ለዋሽንግተን ናሽናልስ ደጋፊ ጉድ የታየበት ነበር። መጀመሪያ ኮከቡ ሁዋን ሶቶ ከኒውዮርክ ሜትስ ቡድን ጋር ለ15 ዓመት ተስማማ፤ በ765 ሚሊዮን ዶላር። ሶቶን ያሳደገው የኛ ቡድን ነው። በ2019 ዋንጫውን ስንወስድ ገና ፍጻሜው ሳያልቅ 21 ዓመት የሞላው ልጅ ነበር። በ2022 ለሳንዲዬጎ ሰጠነው፤ ይኸው ሌሎች በወርቅ ይመዝኑታል። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ "ጋሼ፣ ይሄ በብር ስንት ይመጣል?" ብሎ ስልኩን አወጣ። ዜሮው ስክሪኑን ሞላው።

ሁለት ቀን ሳይቆይ ደግሞ የ2025 ድራፍት ዕጣ ወጣ። ከሁሉ ቀድሞ የመምረጥ መብት ለናሽናልስ ደረሰ። ዕድላችን 10 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበር። በቀጣዩ ቅዳሜ ክፍሉ ሰርግ ቤት መሰለ።

የከበደው ለወላጆች ማስረዳቱ ነው። ልጆቻቸውን ሊወስዱ የሚመጡ አባቶች በር ላይ ቆም ብለው ያዳምጣሉ። በሚያውቁት እግር ኳስ መጨረሻ የወጣ ቡድን ይወርዳል። እዚህ ግን ደካማው ቡድን ከአዲሶቹ ልጆች ምርጡን ቀድሞ ይወስዳል። አንድ የጊዮርጊስ ደጋፊ አባት "ታዲያ ለምን ይደክማሉ? ተሸንፎ መቀመጥ ነዋ!" አሉ። አባባላቸው ከእውነት የራቀ አይደለም። ናሽናልስ በ2008 እና በ2009 ተከታትሎ ከሁሉም ቡድን መጨረሻ ወጣ፤ በሁለቱም ዓመት ከ100 በላይ ጨዋታ ተሸነፈ። በለሱ ስቲቨን ስትራስበርግና ብራይስ ሃርፐር ሆኑ። አንዱ በ2009፣ ሌላው በ2010 አንደኛ ተመረጡ።

ሆን ብሎ መሸነፍ እንዳይለመድ ተብሎ ነው ዕጣው የመጣው። ከ2023 ጀምሮ የመጀመሪያዎቹ 6 ቦታዎች በዕጣ ይለያሉ። በዚያ ላይ የዕጣውን ቦታ በየዓመቱ ማግኘት አይቻልም። ቺካጎ ዋይት ሶክስ በ2024 121 ጨዋታዎችን ተሸነፈ፤ በዘመናዊው ቤዝቦል ይህን ያህል የተሸነፈ የለም። ሆኖም ባለፈው ጊዜ የዕጣ ቦታ ስለነበረው ለ2025ቱ ድራፍት ዕጣው ውስጥ እንኳ አልገባም፤ 10ኛ ሆኖ መረጠ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ናሽናልስንም ይኸው ደንብ ወደ 10ኛ አውርዶታል። ልጆቹ ለዋይት ሶክስ ደጋፊዎች ከልባቸው አዘኑ። 121 ጊዜ ተሸንፎ ካሳውም ሲቀር!

ሌላ አባት ደግሞ ስለ ልጁ ጠየቁ። ተመራጩ የሚሄድበትን ቡድን አይመርጥም ወይ? አይመርጥም። ሊያስፈርመው የሚችለው የመረጠው ቡድን ብቻ ነው። ካልተስማማው ኮሌጅ ገብቶ ሌላ ድራፍት ይጠብቃል። "በቃ፣ ምደባ ነው በሉኛ!" አሉ። አዲስ አበባ አድገው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተመደቡ ሰው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ለወላጅ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

ታሪኩን በአጭሩ አይተነዋል። ድራፍቱ በ1965 ሳይጀመር በፊት ገንዘብ ያለው ቡድን የፈለገውን ወጣት ያስፈርም ነበር። በ1964 ሪክ ራይካርት የሚባል የዊስኮንሲን ተማሪ ኤንጀልስ ከሚባለው ቡድን 205,000 ዶላር ተቀበለ። ለዚያ ዘመን የማይታመን ገንዘብ ነው። የቡድን ባለቤቶቹ ደነገጡና በዓመቱ ሰልፍ አበጁ። ደካማውን ለመርዳት ነው የሚለው ምክንያት ሁልጊዜ ይነገራል። እኔ ግን ክፍያውን ለማውረድ ነበር ከሚሉት ወገን ነኝ። ልጆቹ በዚህ ላይ ሁለት ቦታ ተከፍለው ድምፃቸው ኮሪደር ድረስ ተሰማ። የሚቀጥለው ሳምንት ቆሎም በዚያው ተዋጣ።

በበረዶው ወራት እያንዳንዱ ልጅ ከድራፍት ታሪክ አንድ ስም ወስዶ እንዲያቀርብ አደረግን። የዓመቱ ምርጥ ሥራችን ይህ ይመስለኛል።

ማይክ ፒያዛ በ1988 በ62ኛው ዙር፣ 1,390ኛ ሆኖ ነው የተመረጠው። ያውም አባቱ ከመረጠው ቡድን ከዶጀርስ አሰልጣኝ ከቶሚ ላሶርዳ ጋር ወዳጅ ስለነበሩ ነው፤ በኛ አነጋገር በዘመድ ገባ። በ2016 የቤዝቦል ታላላቆች ስም የሚታወስበት አዳራሽ ገባ። ካቸር (የወርዋሪውን ኳስ የሚቀበል ተጫዋች) ሆኖ እንደሱ ብዙ ሆም ራን (ከሜዳው አጥር የሚያልፍ ምት) የመታ የለም። ኖላን ራያን በመጀመሪያው የ1965 ድራፍት 12ኛ ዙር ድረስ ማንም አልነካውም። ከሱ በላይ መቺዎችን ኳስ እያሳተ ያሰናበተ ወርዋሪ እስከ ዛሬ አልመጣም። በተቃራኒው ብራየን ቴይለር አለ። በ1991 አንደኛ ተመረጠ፤ ኒውዮርክ ያንኪስ 1.55 ሚሊዮን ዶላር ሰጡት። ለወንድሙ ብሎ በገባበት ጠብ ትከሻው ተጎዳና ትልቁን ሊግ ሳይረግጥ ቀረ። ይህን ያቀረበችው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ስትጨርስ ማንም ጥያቄ አልጠየቀም።

ልጆቹን ያሳቃቸው ቶም ብሬዲ ነው። የአሜሪካ እግር ኳሱ ብሬዲ በ1995 በቤዝቦል በ18ኛው ዙር በሞንትሪያል ኤክስፖስ ተመርጦ ነበር። ኤክስፖስ በ2005 ወደዚህ መጥቶ ናሽናልስ ሆነ። ስለዚህ ብሬዲ በትንሹ የኛ ነው ብለው ወሰኑ። ውሳኔውን አልተቃወምኩም።

ረጅም ጊዜ የወሰደብን ግን አልበርት ፑሆልስ ነው። ፑሆልስ የዶሚኒካን ልጅ ነው። እዚያ ያሉ ልጆች ድራፍት ውስጥ አይገቡም። ደንቡ የሚመለከተው በአሜሪካ፣ በካናዳና በፖርቶ ሪኮ ያሉትን ነው። ከሌላ አገር የሚመጣ ልጅ ግን ከ16 ዓመቱ ጀምሮ ከሚፈልገው ቡድን ጋር ይፈርማል። ሶቶ በ2015 ለናሽናልስ የፈረመው በዚህ መንገድ ነው፤ 1.5 ሚሊዮን ዶላር አግኝቷል። ፑሆልስ ግን በጉርምስናው ከቤተሰቡ ጋር ወደ አሜሪካ መጣ። ሚዙሪ ሃይስኩል ተማረ፣ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ገባ። ስለዚህ በድራፍት በኩል ማለፍ ነበረበት። በ1999 በ13ኛው ዙር፣ 402ኛ ሆኖ ተመረጠ። የፈረመው በ60,000 ዶላር ገደማ ነው። 703 ሆም ራን መትቶ ጫማውን ሰቀለ።

ይህን ሲሰሙ ልጆቹ የራሳቸውን ቤት ማስላት ጀመሩ። "እኔ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የተወለድኩት፣ ድራፍት ውስጥ ነኝ። ያጎቴ ልጅ ግን አዲስ አበባ ስለሆነ እንደፈለገ ይፈርማል ማለት ነው?" አለ አንዱ። በደንቡ አዎ። ታዲያ መልማዮቹ አዲስ አበባ መቼ መጥተው? አፍሪካ ተወልዶ ትልቁ ሊግ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተው ደቡብ አፍሪካዊው ጊፍት ንጎፔ ነው፤ ያውም በኤፕሪል 2017። የመጀመሪያ ምቱን በዚያው ምሽት አገኘ። የንጎፔን ቪዲዮ ደጋግመን አይተነዋል።

አሁን የግል ሐሳቤን ልጨምር። ደጋፊ ነኝና ይፈቀድልኝ። ከድራፍቶች ሁሉ የቤዝቦሉን አብልጬ እወዳለሁ። በቅርጫት ኳሱ ሊግ በኤንቢኤ አንደኛ የተመረጠ ልጅ በጥቅምት ቴሌቪዥን ላይ ነው። በቤዝቦል ግን አውቶቡስ ይሳፈራል። በትንንሽ ከተሞች ዓመታት ይንከራተታል። እነዚያ ልጆች በ2022 በሠራተኛ ማኅበር እስኪታቀፉ ድረስ ደሞዛቸው ቤት ኪራይ የሚሸፍን አልነበረም፤ ብዙዎቹ ውድድር በሌለበት በበረዶው ወራት ሌላ ሥራ ይዘው ይኖሩ ነበር። ትልቁ ሊግ የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው። ከ20 ዙር ከ600 በላይ ልጅ ይመረጣል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የማን ስም እንደሚቀር የሚያውቅ የለም። መልማዮቹ ሰዓትና ራዳር ይዘው ይዞራሉ፤ ግን የ17 ዓመት ልጅ ልብ ውስጥ ያለውን አይለኩም። መምህር ስለሆንኩ ይሆናል ይህ የሚያዝናናኝ። እኛም በየወሰነ ትምህርቱ ልጆች ላይ ቁጥር እንለጥፋለን።

የማልወደውም አለ። ተመርጦ ትልቁ ሊግ የደረሰ ልጅ በነፃነት ቡድን ለመቀየር ስድስት የውድድር ዓመት ያህል መቆየት አለበት። የማይነር ሊጉ (የታችኞቹ ሊጎች) ጊዜ ለብቻው ነው። ሰውየው የራሱ ጌታ ሲሆን 30 ዓመት ሊጠጋ ይችላል፤ ያኔ ጉልበቱ የት ይገኛል? ስትራስበርግን ተመልከቱ። ጁን 8 ቀን 2010 በመጀመሪያ ጨዋታው 14 መቺ አሰናበተ፤ ከተማው አበደ። በዚያው ዓመት ክንዱ ኦፕራሲዮን ተደረገ። በ2019 የፍጻሜው ኮከብ ሆነ። ከዚያ በ245 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ፤ ሰውነቱ ግን እምቢ አለ። በ2024 ከጨዋታ ዓለም ተሰናበተ። አንዳንድ ደጋፊ ገንዘባችንን በላ ይላል። ዋንጫውን ማን አመጣው ታዲያ?

በጸደዩ ማይነር ሊግ ለማየት ፍሬድሪክስበርግ ወረድን። የናሽናልስ ልጆች ከትልቁ ሊግ አራት ደረጃ ዝቅ ብለው የሚጫወቱበት ነው። ቲኬቱ ርካሽ፣ መቀመጫው ቅርብ ነው። የ12ኛ ክፍል ልጆቻችን ሜዳ ላይ ያሉትን ልጆች ዕድሜ ከፕሮግራሙ ላይ ሲያነቡ ዝም አሉ። አንዳንዱ በዓመት ብቻ ነው የሚበልጣቸው። ጨዋታውን አሸንፈን ይሁን ተሸንፈን ብዙዎቹ አያስታውሱም፤ የፍየል ልብስ ለብሶ ስለሚዘለው ሰውዬ ግን... አይደለም፣ ምን እንስሳ እንደሆነ እስካሁን ይከራከራሉ።

የዓመት መጨረሻ ሽርሽር ላይ የሶፍትቦል ግጥሚያ ነበረን። ልጆቹ ድራፍት ካልተደረገ አሉ። ሁለት አምበል ቆመው እየጠሩ ሲመርጡ መጨረሻ የሚቀረው ልጅ ምን እንደሚሰማው የማያውቅ ሰው የለም። ስለዚህ ምርጫው በወረቀት እንዲሆን አደረግሁ፤ ተራው ለማንም አልተነገረም። ሆኖም ወሬው ወጣ። መጨረሻ የተመረጠው የ6ኛ ክፍል ልጅ ግን ቅር አላለውም፤ "እኔ ፒያዛ ነኝ!" እያለ ሜዳውን ዞረው። ምግብ ሲያቀርቡ የነበሩ አያቱ "ፒያሳን የት ያውቀዋል?" ብለው ተገረሙ።

ጁን ላይ ማን አንደኛ እንደሚመረጥ ድምፅ ሰጠን። ብዙው ድምፅ ለኢታን ሆሊዴይ ሄደ፤ ወንድሙ ጃክሰን በ2022 አንደኛ የተመረጠ ነውና። ቀጥሎ የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲው ወርዋሪ ኬድ አንደርሰን መጣ። ኢላይ ዊሊትስን የጻፉት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንደኛዋ ስሙ ስለሚያምር ነው አለች።

ከዚያ ጁላይ መጣ። ድራፍቱ ሳምንት ሲቀረው ናሽናልስ ዋና ሥራ አስኪያጁን ማይክ ሪዞንና አሰልጣኙን ዴቪ ማርቲኔዝን በአንድ ቀን አሰናበተ። የ2019 ዋንጫ ያመጡትን ሰዎች! ተጠባባቂው ማይክ ዴባርቶሎ መረጠ፤ የ17 ዓመቱን የኦክላሆማ ሾርትስቶፕ (በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚከላከል ተጫዋች) ዊሊትስን። አባቱ ሬጂ ዊሊትስ ለኤንጀልስ የተጫወተ ነው። አንደርሰን ሦስተኛ ለሲያትል፣ ሆሊዴይ አራተኛ ለኮሎራዶ ሄዱ። የክበባችን የቴሌግራም ግሩፕ በዚያች ማታ አልተኛም። ደንቡም ተጣሰ፤ የቆሎው ዕዳ ገና አልተሰላም።

ዊሊትስ በ8.2 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ለአንደኛው ቦታ ከተመደበው ከ2 ሚሊዮን በላይ ያነሰ ነው። ብዙዎች ርካሹን ፈልገው ነው አሉ። እኔ አልስማማም። ለእያንዳንዱ ቡድን ለመጀመሪያዎቹ 10 ዙሮች የተወሰነ ድምር አለ፤ ከአንደኛው የተረፈው ኋላ ለሚመረጡት ይሆናል። ልጁ ጎበዝ ይሁን አይሁን ግን ገና ነው። ሥራ የጀመረው በዚያው ባየነው በፍሬድሪክስበርግ ሜዳ ነው።

ለሚቀጥለው ዓመት ሁለት ነገር እንፈልጋለን። አንደኛ፣ 12ኛ ክፍሎቹ ስለተመረቁ ጸሐፊና ሒሳብ ያዥ ይመረጣል፤ ማመልከቻው ቢሮ አለ። ሁለተኛ፣ ለጉዞ ሰፊ መኪና ያላቸው ወላጆች ስማቸውን ይስጡን። ዘንድሮ የነዱልንን፣ ሳንድዊች የጠቀለሉልንን እናቶችና አባቶች ከልብ እናመሰግናለን። የኤንቢኤ ድራፍትም ይጨመር የሚል ጥያቄ ቀርቧል፤ በሴፕቴምበር በመጀመሪያው ስብሰባ በድምፅ ይወሰናል።